ከሥጋው ሌላ ምን ላዘጋጅ? 14 ሙስሊም እንግዶች ከጅማ ወደ ባሕር ዳር

ባለ ፔንሲዮኗ (ባሕር ዳር)

እንደምን ሰነበታችሁ? ባሕር ዳር ውስጥ 12 ክፍል ያላት ፔንሲዮን አለችኝ። ወጥ ቤቴ ጠባብ ነው፤ ጠዋት ቁርስ፣ ማታ ደግሞ ላዘዘ እንግዳ እራት እንሠራለን። በጥቅምት መጨረሻ ከጅማ 14 ሰዎች ይመጡልኛል። ሦስት ቤተሰብ ናቸው፣ ሁሉም ሙስሊሞች፤ ከመካከላቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት አሉ። ረቡዕ በአውሮፕላን ገብተው እሑድ ይመለሳሉ። ጢስ ዓባይን፣ ጣናን፣ በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማየት ይፈልጋሉ። በጸጥታው ምክንያት ባለፉት ዓመታት እንግዳ እንዴት እንደራቀን የምታውቁት ነው። 14 ሰው ባንድ ጊዜ ሲመጣ ለእኔ ቤት በዓል ነው።

የምጠይቃችሁ ግን አምና ኅዳር ላይ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ከአዲስ አበባ ባልና ሚስት መጥተው አረፉ። ሴትየዋ ሒጃብ ለብሳለች። ማታ "አሳ አላችሁ?" አሉ፤ "አለ" አልናቸው። አሳ እርድ አይፈልግ፣ ለሁላችንም ይሆናል፣ ምን ችግር አለው ብዬ ትልቅ ቆሮሶ አስጠበስኩላቸው። ሳህኑ ከቀረበ በኋላ ባልየው አስተናጋጇን "ዘይቱ ሌላ ነገር ተጠብሶበት ነበር?" ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ መዋሸት አታውቅም፤ "ምሳ ላይ የበሬ ኮትሌት ጠብሰንበታል" አለችው። ሰውየው አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። "አላህ ይስጥልኝ፣ ሻይና ዳቦ ይበቃናል" አላት። ከተነሱ በኋላ ሄጄ ሳህኑን አየሁት። ቆሮሶው ጎንና ጎኑ እንደተተለተለ፣ ግማሽ ሎሚው ከአጠገቡ እንዳለ፣ ላዩ ላይ ሶፍት አልብሰውት ነበር። ጠዋት ሒሳቡን ሙሉ ከፈሉ። የአሳውን አልቀበልም ብል "የድካማችሁ ነው" አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ምክንያቱም እኔ ራሴ የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ለይቼ የማስቀምጥ ሴት ነኝ። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ በፍልሰታ ሳላውቅ በቅቤ ጭልፋ የሽሮውን ድስት አማስዬ እናቴ ወጡን እንዳለ ደፍታዋለች፤ ድስቱንም በአመድ ፈትጋ ፀሐይ ላይ ደፍታው ውላለች። የበቀለ ሽንኩርት እንኳ የማትጥል ሴት ናት። እንዲህ ካለ ቤት ወጥቼ "አንድ ጊዜ የተጠበሰበት ዘይት ምን ያደርጋል?" ማለት አልችልም። የገባኝ ግን ሳህኑ ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሀላል ቱሪዝም ስለሚባለው፣ ሙስሊም መንገደኛን እንደ እምነቱ ስለ ማስተናገድ፣ ማንበብ ጀመርኩ። ክሬሰንትሬቲንግ የሚባል እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተ የሲንጋፖር ድርጅት ከማስተርካርድ ጋር ሆኖ አገሮች ለሙስሊም መንገደኛ ምን ያህል እንደሚመቹ ደረጃ ያወጣል። ማሌዥያ ለብዙ ዓመታት ከላይ ናት። ሲንጋፖር ራሷ የሙስሊም አገር ሳትሆን ከላይ ካሉት ተርታ ትገባለች። እነሱ ከዘረዘሩት ውስጥ ምግብ አንዱ ብቻ ነው፤ የመስገጃ ቦታ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ውሃ፣ የረመዳን መስተንግዶ፣ የመዝናኛ ቦታ ገመና እያለ ይቀጥላል። ከምግቡ ሌላ አንዱንም አስቤው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ዕቃ ልግዛ ወይስ ማጠብ ይበቃል? ሥጋውንስ ከየት ላምጣ፣ ማንስ ያብስለው? እንግዳ መቀበያው ጋ ቢራ የምናስቀምጥበት ማቀዝቀዣ አለ፤ ላንሳው? አንድ ጓደኛዬ "ሀላል የሚል ትልቅ ጽሑፍ በር ላይ ለጥፊ፣ ገበያ ይስባል" አለችኝ፤ እኔ ግን እጄን ያዘኝ። ለትልቋ እናትስ የተለየ የሚያስፈልግ ነገር አለ? ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ደፍራችሁ ንገሩኝ። "ይቅርባት፣ ትቀየም ይሆናል" ብላችሁ የምትተዉት ነገር እንዳይኖር።

የደሴው መንገደኛ

አብሽሪ እህቴ፣ መጠየቅሽ ራሱ ግማሹን ሠርቶታል። እኔ ለሥራ ሰሜኑንም ምሥራቁንም ዞሬያለሁ፤ ምግቡን ሌሎች ይነግሩሻል፣ እኔ ስለ ውሃው ልንገርሽ።

እኛ መጸዳጃ ቤት ስንገባ በውሃ ነው የምንታጠበው፤ ሶፍት ብቻ አይበቃንም። ብዙ ሆቴል ሽንት ቤቱ ሴራሚክ፣ መስታወቱ የሚያበራ ሆኖ መታጠቢያ ዕቃ የለውም። ስለዚህ የሙስሊም መንገደኛ ክፍል ውስጥ የምታዪው ምንድን ነው? ባዶ ሃይላንድ። ቆሻሻ አይደለም እህቴ፤ ጽዳት የምትሠራው ልጅ በየቀኑ አትጣልብን! አንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ቀን ስቀመጥ ሦስት ጊዜ ጥለውብኝ ሦስት ጊዜ ውሃ ገዝቻለሁ። ለባለቤቱ ለመንገርም አፈርኩ፤ ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያሳፍራል። አንቺ በየክፍሉ እጀታ ያለው የፕላስቲክ ጆግ ብታስቀምጪ እንግዳው ገና በሩን ሲከፍት "እዚህ ቤት ስለ እኔ አስበዋል" ይላል። ለስድስት ወይም ለሰባት ክፍል ስድስት ሰባት ጆግ ነው፣ ምንም ወጪ የለውም። ውሃ በሚቋረጥበት ቀን ደግሞ ባልዲ ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ ከሶላት በፊት ለምንታጠበው ለውዱእም ነው።

ለውዱእ እግር መታጠብ አለ። ትልቋ እናት እግራቸውን ወደ እጅ መታጠቢያው ማንሳት አይችሉም። ዝቅተኛ በርጩማ መታጠቢያ ቤታቸው አስገቢ፤ ተቀምጠው ይታጠባሉ። ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ነገር ይነጠፍ። የኔ እናት የወደቀችው በሰው ቤት ውዱእ ስታደርግ ነው፤ ዳሌዋ ዛሬም አልተመለሰም። ይህችን ነገር አደራ!

ቂብላውን (ስንሰግድ የምንዞርበትን የመካ አቅጣጫ) በተመለከተ፦ አንድ ሆቴል ውስጥ ስጠይቅ ልጁ እንዳላፍር ብሎ በልበ ሙሉነት ፀሐይ መግቢያውን አሳየኝ፤ ሁለት ሶላት በተሳሳተ አቅጣጫ ሰገድኩ። ከባሕር ዳር መካ ወደ ሰሜን ነው፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል። ለከተማው ሰው ሐይቁ ያለበት ወገን በይው። ለጅማም አቅጣጫው ያው ሰሜን ስለሆነ እንግዶችሽ አይደናገሩም። በስልክ ኮምፓስ አንዴ ለክተሽ ቁምሳጥኑ በር ውስጥ ትንሽ ቀስት ለጥፊ። መስገጃ ብዙ ሰው ይዞ ነው የሚጓዘው፤ ሁለት ሦስት ንጹሕ መስገጃ ግን መቀበያው ጋ ቢኖር ጥሩ ነው።

ቀበሌ ያለችው ወጥ ሠሪ (ባሕር ዳር)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ለክርስቲያኖቹም እንደምን ዋላችሁ። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሙስሊም ነኝ፤ ለሰርግም ለምግብ ቤትም አበስላለሁ። የእህቴን ጽሑፍ ሳነብ የአሳው ነገር እንባዬን አመጣው፤ ምክንያቱም እኛም ከነሳህኑ ትተን ስንነሳ ደስ ብሎን አይደለም፣ የሰው ድካም ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። አንቺ የጾም ድስትና የፍስክ ድስት አልሽ አይደል? በቃ ሦስተኛ መደርደሪያ ጨምሪ። ሁለት ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ ሁለት ቢላ፣ አንድ መክተፊያ፣ ሁለት ጭልፋ፣ የሽንኩርት ማቁላያ። አዲስ ይሁኑ። እጀታቸው ላይ ቀይ ቀለም ቀቢ፤ ምልክት ከሌለው በችኮላ ሰዓት ይቀላቀላል። ሳህንና ማንኪያ ታጥቦ ይበቃል፤ ከቻልሽ ግን ለ14 ሰው የሚሆን ሳህን ለይተሽ አስቀምጪ። ጁስ በቢራ ብርጭቆ አትስጪ፣ በሻይ ብርጭቆም ቢሆን ይሻላል። ዘይቱ ከጠርሙሱ ወደ አዲሱ መጥበሻ ይውረድ፣ የተረፈው ወደ ሌላ ምግብ ሊሄድ ይችላል፤ ከሌላ የተረፈ ግን ወደዚህ አይመጣም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። አዋዜሽን በምንድን ነው የምትበጠብጪው? ብዙ ቤት በጠጅ ወይም በአረቄ ነው። ጣዕሙ ይሰምራል ይላሉ። ለኛ ግን ጠብታም ቢሆን አይሆንም። በውሃና በዘይት በጥብጪ፣ ከፈለግሽ ሎሚ ጨምሪ። ጥብስ ላይ ወይን ጠጅ ጠብ የሚያደርግ ወጥ ቤት ካለሽም አስቁሚው። ሽሮ ሲባል ቦዘና እንዳይሆን፣ ቁርስ ላይ ፍርፍር ሲባል ቋንጣ እንዳይገባበት ተጠንቀቂ። ጨጨብሳ፣ ቂንጬ፣ በተለየ መጥበሻ የተሠራ እንቁላል፣ ማር፣ ዳቦ፦ ቁርሱ አለቀ።

ሥጋን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። አንቺ አትሥሪው። ሙስሊም ሥጋ ቤት ሄደሽ ብትገዪም እንግዳው አላየም፤ በአንቺ ቃል ማመን አለበት፤ ለሱም ጭንቅ ነው። ወይ ከሙስሊም ምግብ ቤት በስሎ ይምጣ፣ ወይ ሙስሊም ወጥ ሠሪ ለአራቱ ቀን ቅጠሪና ከነሥጋዋ ትምጣ። ዶሮ ከፈለጉ በሕይወት ያለ ዶሮ ገዝተሽ ከእንግዶቹ አንዱ ወንድ ቢስሚላህ ብሎ ይረደው፤ ቢላውን ስለትለት፣ ደሙ በደንብ ይፍሰስ። ለዶሮ ወጥ አሥራ ሁለት ብልት አድርጌ ላወጣልሽ እኔ ራሴ እመጣለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ከክርስቲያን ወዳጆቻችን አንዳንዱ ያነበበ ሰው ያመጣዋል፦ "ቁርኣናችሁ እኮ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ይፈቀዳል ይላል።" አዎ፣ ሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ ላይ አለ፤ በሌላ አገር ያሉ ብዙ ሙስሊሞችም ይሠሩበታል። በእኛ አገር ግን እኛ የናንተን እርድ፣ እናንተም የኛን ሳትበሉ ስንት ትውልድ አብረን ኖረናል። እንግዳን በራሱ መጽሐፍ መከራከር አያምርም። ያንቺም ልብ እንዲህ እንደማያስብ አውቃለሁ፤ የምነግርሽ ለአስተናጋጆችሽ እንድትነግሪልኝ ነው።

ጽሑፉን አትለጥፊ። እጅሽን የያዘሽ ትክክል ነው። ወደ ሳዑዲና ኤምሬትስ ሥጋ የሚልኩት ቄራዎቻችን "ሀላል" ሲሉ ከእርዱ ጀምሮ የሚቆጣጠር ሰው አላቸው። ያንቺ ወጥ ቤት አንድ ምድጃ ላይ የክርስቲያን ሥጋ እያበሰለ በር ላይ "ሀላል" ቢል ቃሉ ከቤትሽ ይበልጣል። ከዚያ ይልቅ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ፦ ይህ ድስት ለብቻው ነው፣ ይህ ዘይት አዲስ ነው፣ ሥጋው ከእንትን ምግብ ቤት ነው የመጣው፣ ወጥ ቤታችን ግን ለሌላ እንግዳ የክርስቲያን ሥጋም ያበስላል። ይህን ያነበበ ሰው የሚበላውን መርጦ በሰላም ይበላል።

ጎጃሜ 07

ይህን ያህል ምን ያጨናንቃል? ባሕር ዳር ሙስሊም ምግብ ቤት ሞልቷል። "ምግብ እዚያ ብሉ፣ መኝታ እኔ ጋ" ማለት ነው። በዚህ ኑሮ ውድነት ለአራት ቀን ዕቃ መግዛት አይከብድም?

ቀበሌ ያለችው ወጥ ሠሪ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ለሥጋው እኔም ያልኩት እሱን ነው። ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ማታ በባጃጅ ሻይ ፍለጋ ይዞራሉ? ሕፃን ልጅ ሌሊት ሲርበው እንቁላል የሚጠበስበት መጥበሻ ባይኖርስ? ዕቃው ደግሞ ለአራት ቀን አይደለም የሚገዛው፤ የሚቀጥለውም ያው ይመጣል።

የደብረ ማርቆሱ አባት

ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሀላል ቱሪዝም የሚለውን ስም ዛሬ ነው የሰማሁት፤ ነገሩን ግን ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ። በእኛ አገር ሰርግ ሲደገስ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጉን በቁሙ፣ ድስቱን በአዲስ፣ ጤፉንና በርበሬውን በዕቃ እንሰጣቸው ነበር። እነሱ አርደው፣ በራሳቸው ሴቶች አስበስለው፣ በተለየ ዳስ ይበሉ ነበር። እኛ እየዞርን "ብሉልን፣ ጠጡልን" እንላለን። ጠላ ወደዚያ ዳስ አይገባም፤ ብርዝ በማር ተበርዞ፣ ሳይፈላ፣ ይወሰድላቸዋል። ሙስሊሞቹም ሲድሩ እንዲሁ ያደርጉልን ነበር፤ የአባቴን ጋቢ የሸመነው ሰው ልጁን ሲድር ለአባቴ ወይፈን በቁሙ ነድቶ ሰጥቶታል።

እና ልጄ፣ አንቺ የጀመርሽው የአያቶችሽን ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ያን ጊዜ አንድ የታመነ ሰው ከእነሱ ወገን ዳሱ ላይ ይሾም ነበር፤ ምን ገባ ምን ወጣ የሚያውቀው እሱ ነው። አንቺም ከእንግዶቹ አንዱን፣ በተለይ ከሴቶቹ፣ ወጥ ቤትሽን አስገብተሽ አሳያት። ዐይን ያየውን አፍ አይጠይቅም።

ጀልባ ዳር (አስጎብኚ)

ስለ ፕሮግራሙ እኔ ልናገር። ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ክረምቱ አልፎ ፏፏቴው ገና ውሃ አለው። ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተመለሱ። በዚያ ወቅት ዙህር (የቀትር ሶላት) 6 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ስለሚገባ ቤት ደርሰው ውዱእ አድርገው ይሰግዳሉ፣ ከዚያ ምሳ። መንገደኛ ስለሆኑ ዙህርን ዐስር ከሚባለው የከሰዓት ሶላት ጋር አንድ ላይ፣ የእያንዳንዱን አራት ረከዓ (ዙር) ሁለት አድርገው መስገድ የሚችሉበት አለ፤ ሁሉም ግን እንደዚያ አያደርግም። ስለዚህ "ትችላላችሁ እኮ" አትበሏቸው፤ "በስንት ሰዓት ላቁም?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ መኪና ውስጥ አንድ ጄሪካን ንጹሕ ውሃና አንድ ሰሌን ሁልጊዜ እይዛለሁ።

ትልቋን እናት በድንጋዩ ድልድይ በኩል እንዳትወስዷቸው። ቁልቁለትና ዳገቱ ይከብዳል። ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ የሚሄደው መንገድ ሜዳ ይበዛዋል፤ 40 ሜትር ገደማ የሚወርደውን ውሃ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያዩታል። ዣንጥላ ያዙ፣ ለጭሱም ለፀሐዩም።

ዓርብ ከጠዋቱ ከተማ ውስጥ ሁኑ። ጁምዓ (የዓርብ የጋራ ሶላት) በመንገደኛ ላይ ግዴታ ባይሆንም ወንዶቹ አይቀሩም፤ እኔ ያጋጠሙኝ ሁሉ ሄደዋል። ድልድዩንና ገበያውን ዓርብ ከሰዓት አድርጉት። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፣ ልጆቹ ማታ መብራቱን ይወዱታል።

ቅዳሜ ጀልባ። ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸው ቀድማችሁ ንገሩ፤ ደጃፍ ደርሶ መመለስ ያስቀይማል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይገባል። ሙስሊም እንግዶች ገዳም አይገቡም ብላችሁ አትገምቱ፣ ይገባሉ ብላችሁም አትገምቱ። አንዳንዱ ሥዕሉን ለማየት ይጓጓል፤ ጫማ ማውለቁና ራስ መሸፈኑም ለነሱ አዲስ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ ውጭ መቆየት ይመርጣል፤ እሱን በዘጌ የቡና ደን ውስጥ አዙሩት። የጅማ ሰው ከዋርካ ሥር የበቀለ ቡና ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ቅጠሉን ይዳስሳል፣ ፍሬውን ከፍቶ ያያል፣ ከገበሬው ጋር ወሬ ይጀምራል።

አንድ የማይነገር ነገር አለ። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። እንግዶቻችንን ሁልጊዜ ወደ ገዳማቱ ብቻ እየወሰድን ጣናን ግማሹን ነው የምናሳያቸው። ደንገሉን እንዴት እንደሚያጥፉት፣ እንዴት እንደሚያስሩት ቁጭ ብሎ ማየት ነበር። ፎቶ ግን አስፈቅዳችሁ፣ የሚሠሩትንም ገዝታችሁ።

ባለ ፔንሲዮኗ (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዶቹ መጥተው እሑድ ተሸኙ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሌላም ጥያቄ አለኝ።

ዕቃውን እንደተባልኩት ገዛሁ፣ እጀታው ላይ ቀይ ቀለም ቀባሁ። ቀስቱን በየቁምሳጥኑ ለጠፍኩ። ሰባት ጆግ ገዛሁ። የቢራውን ማቀዝቀዣ ከመቀበያው አንስቼ ወደ ጓዳ አስገባሁት፤ ሌሎች እንግዶች ሲያዙ በግቢው ማዶ ባለው ጠረጴዛ ቀረበላቸው፣ ማንም ቅር አላለውም። እሱን እዚያው ልተወው ነው፤ መግቢያዬ ያማረበት ይመስለኛል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ደግሞ አገዘኝ። የገቡት ረቡዕ አይደል? ለእኛም ጾም ነው። ዓርብም እንዲሁ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ሁለቱን ቀን ሥጋ የሚባል አልነበረም። ረቡዕ ማታ በያይነቱ ሠርተን ሁላችንም፣ እንግዳውም ሠራተኛውም፣ ከአንድ ድስት በላን። ትልቋ እናት ጎመኑን ደግመው አስጨመሩ። ወጥ ሠሪዋ እህታችንም ቃሏን አክብራ ቅዳሜ መጣች፤ ዶሮውን ከእንግዶቹ አንዱ አርዶ እሷ ሠራችው።

ስሕተትም ነበር፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሐሙስ ማታ ሰላጣ ስንሠራ አዲሱ ልጅ ቀዩን ቢላ አጥቶት በሌላው ቢላ ቲማቲሙን ከተፈው። ያ ቢላ ጠዋት ሥጋ ሲቆርጥ ውሏል። ያየሁት ሰላጣው ገበታ ላይ ሊወጣ ሲል ነው። ደፋሁት፤ ከዚያ ወጥቼ "ሰላጣው የዘገየው በሌላ ቢላ ተከትፎ ስለነበር ደፍተን እንደገና እየሠራን ነው" አልኳቸው። ለመናገር ፈርቼ ነበር። ከልጆቻቸው አንዷ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና ሽንኩርቱን አብራኝ ከተፈች። ከዚያ ቀን በኋላ በየማታው እየገባች ታግዘን ነበር። የማርቆሱ አባታችን ያሉትን ሳላስበው በዚህ መንገድ ፈጸምኩት።

የደሴው ወንድሜ፣ በርጩማውን ያልከኝን አድርጌያለሁ። እናት ሊሄዱ ሲሉ በርጩማዋን መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ አውጥተው፣ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ ደፍተዋት አገኘሁ፤ እናቴ ድስቷን እንደምትደፋው አድርገው። ግንባሬን ስመው መርቀውኝ ሄዱ።

አሁን ጥያቄዬ። ከእነዚሁ ቤተሰቦች አንዱ በረመዳን የመጨረሻ ቀናት ለሥራ ባሕር ዳር ይመጣል፤ እኔ ጋ ሊያርፍ ቃል ገብቷል። ዘንድሮም፣ በ2018፣ እንደ አምናው ዐቢይ ጾምና ረመዳን ይገጥማሉ፤ የእኛ የካቲት 9 ይገባል፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይጠበቃል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ቀኑን ሙሉ የጾም ነው፤ እሱ ቀሏል። የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ማፍጠሪያው በዚያ ወቅት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው፤ ሱሑሩ (ከጾሙ በፊት ሌሊት የሚበላው) ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ማለቅ አለበት ብለውኛል። ሠራተኞቼ 12 ሰዓት ላይ ነው የሚገቡት። በ10 ሰዓት የሚነሣ ሰው ልመድብ ወይስ ማታ ሠርቼ በምግብ ማሞቂያ ብተውላቸው ይሻላል? ሱሑር ላይ ምን ቢበሉ ነው ቀኑን የሚያቆያቸው፣ ገንፎ ይሆናል? ተምርስ ባሕር ዳር ውስጥ በካርቶን የሚሸጥ የምታውቁት ቦታ አለ?